ዜሮው ዜሮ መሆኑን ማን አየ? ስለ ቅንጣት ጠቋሚ መሣሪያዎች ካሊብሬሽንና ጥገና

የተከበራችሁ የገንዳ ውኃና የመተማ ዮሐንስ ነዋሪዎች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፤

ሰሊጡን ለመሸጥ የመጣ ሰው ጆንያውን ባስኩላ ላይ ከማስጫኑ በፊት ሁለት ነገር ያያል። አንደኛ፣ ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ ቆሟል ወይ? ሁለተኛ፣ 20 ኪሎ መሆኑ የታወቀ ድንጋይ ሲጫንበት 20 ይላል ወይ? ገዢው ቢያጣድፈውም፣ ፀሐዩ ቢከርርበትም፣ ብልህ ሻጭ ሁለቱን ሳያይ እህሉን አያስነካም። ዜሮው ያጋደለ ሚዛን ከትንሹም ከትልቁም ጆንያ እኩል ይሰርቃል። ድንጋዩን በልኩ የማይል ሚዛን ደግሞ ብዙ በጫኑበት ቁጥር ብዙ ይሰርቃል። ሌቦቹ ሁለት ስለሆኑ መያዣቸውም ሁለት ነው።

መሣሪያን በታወቀ ነገር እንዲህ መፈተሽና ማስተካከል ካሊብሬሽን ይባላል። ይህን የሚያውቅ ሰው የዛሬውን ትምህርት ግማሹን ያውቃል። የቀረው ግማሽ ሚዛኑ 14 ሺህ ቶን ሲከብድ፣ የሚመዘነው ነገር በዓይን የማይታይ ሲሆን፣ ሚዛኑም በየሰዓቱ ጠባዩን ሲለውጥ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ሚዛን ያለው ሰርን በሚባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው። ሰርን እ.ኤ.አ. በ1954 በጄኔቫ ከተማ አጠገብ ተመሠረተ። እንደ እናንተው የድንበር ሰው ነው፤ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ የተቆፈረው የ27 ኪሎ ሜትር ክብ ዋሻ ስዊዘርላንድንና ፈረንሳይን ያቋርጣል። ፕሮቶን የሚባሉት ቅንጣቶች ዋሻውን በሰከንድ ከ11 ሺህ ጊዜ በላይ ሲዞሩ በየዙሩ ድንበር ይሻገራሉ፤ ጉምሩክ አቁሞ የሚጠይቃቸው የለም።

ነገሩን ከጄኔቫ ሳይሆን ከዚህ አዳራሽ ልጀምር። መዳፋችሁን ዘርጉ። በየሰከንዱ አንድ ወይም ሁለት ሙዮን የሚባሉ ቅንጣቶች በመዳፋችሁ እያለፉ ነው። ከጠፈር የሚመጡ ፕሮቶኖች 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአየሩ ጋር ሲጋጩ የሚወለዱ ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው የሰከንድ ሚሊዮንኛ 2.2 እጅ ብቻ ነው፤ በብርሃን ፍጥነት ቢሮጡ እንኳ 700 ሜትር ሳይሞሉ ማለቅ ነበረባቸው። መሬት የሚደርሱት አንስታይን እንዳሳየው በጣም ለሚፈጥን ነገር ጊዜ ስለሚዘገይ ነው። ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋልና ልለፈው።

ሙዮንን ለመቁጠር የሚያስፈልገው ሲንቲሌተር የሚባል ፕላስቲክ ነው። ቅንጣት ሲያልፍበት ቅጽበታዊ ብርሃን ይሰጣል። ብርሃኑን ሌላ መሣሪያ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኤሌክትሪኩን ደግሞ ሌላው ክፍል ቁጥር ያደርገዋል። ቅንጣት፣ ብርሃን፣ ኤሌክትሪክ፣ ቁጥር። ይህን ሰንሰለት ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ሙዮን በአንድ ሴንቲ ሜትር ፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ የሚተወው ኢነርጂ የታወቀ ነው፤ ወደ 2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኢነርጂ የሚለካበት አሃድ)። ስለዚህ ሰማይ በነጻ የሚያወርድልን የታወቀ ድንጋይ ነው። ሰርን ይህን ድንጋይ በብዙ ተጠቅሞበታል። በዋሻው ውስጥ ያለው ትልቁ የፕሮቶን ማፋጠኛ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2008 በተጀመረ በዘጠነኛው ቀን በሁለት ማግኔቶች መካከል ያለ አንድ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ተበላሽቶ ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ። ጠቋሚዎቹ ግን ሥራ አልፈቱም። ሲ.ኤም.ኤስ የተባለው፣ ያ የ14 ሺህ ቶን ሚዛን፣ በዚያው ዓመት ጥቅምትና ኅዳር ከ250 ሚሊዮን በላይ የሙዮን ምልክቶች መዝግቦ ክፍሎቹ በትክክል የት እንደተቀመጡ በእነዚያ ለየ። ማሽኑ ሲጠገን ሚዛኑ ይስተካከል ነበር።

አሁን ይህን የሙዮን ቆጣሪ መተማ እናምጣው። የመጀመሪያው ባላጋራ ሙቀት ነው። በዘመኑ ቆጣሪዎች ብርሃኑን የሚቀበለው ከሲሊከን የተሠራ ትንሽ ንጣፍ ነው፤ ይህ ንጣፍ ብርሃን ባይመጣም እንኳ አልፎ አልፎ ያየ መስሎት ምልክት ይሰጣል። የሐሰት ምልክቱ ሙቀት 10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። በታኅሣሥ ንጋት 20 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ቆጣሪ በሚያዝያ ቀትር 40 ዲግሪ ላይ ሲሠራ የሐሰት ድምፁ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እውነተኛው ምልክት ደግሞ ያንሳል። ዜሮው ወደ ላይ፣ ልኩ ወደ ታች። ሁለቱ ሌቦች ተያይዘው መጡ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ በቀትርና በሌሊት ያገኘውን ልዩነት አይቶ ፀሐይ ሙዮን ትልካለች ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቴርሞሜትር ከቆጣሪው ጎን ያሰረና በየሰዓቱ የጻፈ ተማሪ ግን ልዩነቱ ከመሣሪያው እንደመጣ ያውቃል። የአየር ግፊትም አለ፤ ግፊት ሲጨምር ከላያችን ያለው አየር ስለሚከብድ የሙዮኖቹ ቁጥር በጥቂቱ ይቀንሳል። ያንኑ ቆጣሪ ጭናችሁ ጎንደር ብትወጡ ቁጥሩ ይጨምራል። የግፊቱ ለውጥ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ የሙቀቱ የመሣሪያው ሕመም ነው። የሙያው ጥበብ ሁለቱን መለየት ነው።

ሰርን ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚታገል ላሳያችሁ። ሲ.ኤም.ኤስ ውስጥ የብርሃን ቅንጣቶችንና ኤሌክትሮኖችን ኢነርጂ የሚለኩ 75,848 ክሪስታሎች አሉ። እንደ መስተዋት ጥርት ያሉ ናቸው፤ ግን ከእርሳስና ከተንግስተን ስለተሠሩ በመጠን ከብረት ይከብዳሉ። ለአያያዝ ግን አስቸጋሪ ናቸው። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ክሪስታሉና ብርሃን ተቀባዩ አንድ ላይ የሚሰጡት ምልክት ወደ 4 በመቶ ይቀንሳል። የእኛ ሚያዝያ በቀንና በሌሊት መካከል የሚያመጣው የ15 ዲግሪ ልዩነት ቢደርስባቸው ከምልክቱ ግማሽ ያህሉ በጠፋ ነበር። ስለዚህ በውኃ እየቀዘቀዙ በ18 ዲግሪ ላይ ይያዛሉ፤ የሚፈቀደው መዋዠቅ የአንድ ዲግሪ መቶኛ 5 እጅ ነው። ይህ ማለት የሰው ትንፋሽ እንኳ አይፈቀድም ማለት ነው፤ በርግጥ እዚያ ውስጥ ማሽኑ ሲሠራ የሚተነፍስ ሰው የለም።

ሙቀቱ ተያዘ። ሁለተኛው ችግር ግን ከራሱ ከሥራው የሚመጣ ነው። ክሪስታሎቹ በጨረር ሲደበደቡ ጥራታቸው ይደበዝዛል፤ ፕሮቶኖቹ ሲቆሙ ደግሞ ቀስ በቀስ መልሰው ይጠራሉ። ከፕሮቶኖቹ መስመር ራቅ ያሉት ጥቂት በመቶ ያጣሉ፤ የቀረቡት ከዚያ እጅግ የበለጠ። ሚዛኑ ማታና ጠዋት አንድ ዓይነት አይደለም። መፍትሔው ወደየክሪስታሉ መጠኑ የታወቀ የሌዘር ብርሃን መላክ ሆነ። ፕሮቶኖቹ በክቡ ውስጥ ሲዞሩ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ የሰከንድ ሚሊዮንኛ 3 እጅ የሚሆን ክፍተት አለ፤ ሌዘሩ የሚተኮሰው በዚያች ቅጽበት ነው። እንዲህ እየተደረገ በ40 ደቂቃ ገደማ አንዴ ሁሉም ክሪስታል ይጎበኛል። ሥራው አይቋረጥም፤ ፍተሻውም አይቆምም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ሂግስ የተባለው ቅንጣት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 2012 መገኘቱ ሲነገር ከዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ሆኖ ሲፈርስ የታየው ነበር። ሂግስ በዚህ መንገድ የሚፈርሰው ከሺህ ሁለት ጊዜ ገደማ ብቻ ነው። የሁለቱ ኢነርጂ ሲደመርና አቅጣጫቸው ሲሰላ 125 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ትንሽ ጉብታ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ተመሳሳይ የሚመስል የሌላ ምንጭ ብዙ ብርሃን አለ። ክሪስታሎቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልክ ቢናገሩ ኖሮ ያቺ ጉብታ ተበትና በዚያ መካከል ትጠፋ ነበር። ጋዜጦች የጻፉት ስለ ቅንጣቱ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ጭብጨባ ግማሹ ለሌዘር ሠራተኞቹ ይገባ ነበር ባይ ነኝ።

የሌዘሩ ብርሃን አንጻራዊ ነው፤ ትናንት ከነበረው ስንት ቀነሰ የሚለውን ይነግረናል እንጂ እውነተኛውን ልክ አይነግረንም። እውነተኛው ድንጋይ ተፈጥሮ ራሷ ናት። ዜድ የሚባል ቅንጣት አለ፤ ክብደቱ በኢነርጂ አሃድ ሲነገር 91.1876 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት እንደሆነ ቀድሞ ተለክቷል፤ ጥርጣሬው 0.0021 ብቻ ነው። በመተማ ሚዛን ቢነገር፣ አንድ ኩንታል ሰሊጥ ተመዝኖ በሁለት ግራም ተኩል ያልሳተ ማለት ነው። ዜድ ወደ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ፀረ ኤሌክትሮን ሲፈርስ ሲ.ኤም.ኤስ ይለካውና የታወቀውን ቁጥር ይላል ወይ ብሎ ራሱን ይፈትሻል።

ከሲ.ኤም.ኤስ ማዶ፣ በክቡ ሌላ ጫፍ፣ አትላስ የሚባል ጠቋሚ አለ። ከአትላስ አንድ ክፍል ብቻ ላንሳ፤ በብረትና በሲንቲሌተር ፕላስቲክ ንብርብር የተሠራውንና ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ብርሃን ተቀባይ ቱቦዎች ያሉትን። ያልኳችሁን ሰንሰለት አስታውሱ። ቁጥሩ ሲጎድል ጥፋተኛው ማን ነው? ፕላስቲኩ አርጅቶ ነው? ቱቦው ደክሞ ነው? ወይስ ቆጣሪው ኤሌክትሮኒክስ? የአትላስ ሰዎች ለእያንዳንዱ የየራሱን መርማሪ አቆሙ። የታወቀ መጠን ያለው ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ይገባል፤ እዚያ ልክ ከሆነ ኤሌክትሮኒክሱ ነጻ ነው። ቀጥሎ ሌዘር ወደ ቱቦዎቹ ይላካል፤ እዚያም ልክ ከሆነ ቱቦው ነጻ ነው። በመጨረሻ ሴሲየም 137 የተባለ ጨረር አመንጪ ነገር በትንሽ ሽፋን ታሽጎ በቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ውስጥ በፈሳሽ ግፊት እየተነዳ በእያንዳንዱ ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል፤ ይህ ሙሉውን ሰንሰለት ከመነሻው ይፈትናል። ሦስቱን ሲያስተያዩ ጥፋተኛው ይለያል።

እዚህ ላይ ግን ብልህ አድማጭ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የሴሲየሙስ ልክ ማን ፈተሸው? ትክክል ነው። የሴሲየም ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ገደማ ነው፤ በየዓመቱ ከ2 በመቶ በላይ ይደክማል። ድንጋዩ ራሱ እያለቀ ነው። የሚያልቅበት ፍጥነት ግን ስለሚታወቅ በስሌት ይመለሳል። ለካሊብሬሽን የሚመረጠው የማይለወጥ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለውጡ የታወቀ ነገርም ይሆናል።

የምወደው ታሪክ ግን የቀድሞው ማሽን ታሪክ ነው። ዛሬ ፕሮቶን በሚዞርበት ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000 ሌፕ የሚባል የኤሌክትሮን ማፋጠኛ ነበር፤ ያን የዜድ ክብደት የለካው እሱ ነው። ለዚህ የኤሌክትሮኖቹ ኢነርጂ እጅግ በትክክል መታወቅ ነበረበት። ሲለኩት ግን ምክንያቱ ያልታወቀ መዋዠቅ አገኙ። ኢነርጂው በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይለያል። ማሽኑ ተፈተሸ፤ ጤነኛ ነው። ጥፋተኛዋ ጨረቃ ነበረች። የባሕርን ውኃ የምታነሣና የምትጥል ጨረቃ ጠንካራውን መሬትም በጥቂቱ ትለጥጠዋለች። የ27 ኪሎ ሜትሩ ክብ በዚህ ምክንያት በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋና ይጠባል። አንድ ሚሊ ሜትር ከ27 ኪሎ ሜትር ላይ! ያ ግን ለመለኪያው በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ኅዳር ውስጥ ሙሉ ጨረቃ በሆነችበት ሰሞን ሌሊቱን እየለኩ አረጋገጡት። የጄኔቫ ሐይቅ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል፣ ዝናብ ምድሩን ሲያረሰርስም እንዲሁ ክቡ ይንቀሳቀሳል።

ጨረቃዋ ተሰልታ ከተቀነሰች በኋላም የቀረ ነገር ነበር። በማግኔቶቹ ውስጥ የተቀመጡ መለኪያዎች በቀን መስኩ ሲንቀጠቀጥና ቀስ እያለ ሲጨምር ያሳያሉ፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ግን ጸጥ ይላል። ሌሊት የሚተኛ ነገር ምን ሊሆን ይችላል? ሰው ነው፤ ሰው የሚሳፈርበት ባቡር። እ.ኤ.አ. በ1995 እንደታወቀው ከጄኔቫ ወደ ፈረንሳይ ከሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ የሚያመልጠው ፍሰት በመሬት በኩል ዞሮ በማሽኑ የብረት ቱቦ ላይ ይሄድ ነበር። የፍሰቱ መጠን አንድ አምፔር ያህል ነው፤ ማግኔቶቹን ግን ይነካካቸዋል። ባቡሩን ማስቆም አይቻልም። ያደረጉት ነገር የባቡሩን ጉዳት ለክተው ከስሌቱ ማውጣት ነው። ያ የ0.0021 ጥርጣሬ ከእነዚህ ሁሉ ሌቦች ጋር ከተደረገ ትግል የተረፈ ነው።

ስለ ጥገና ደግሞ ከኦፔራ ሙከራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር መሬት ሰንጥቀው ወደ ጣልያኑ ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ከብርሃን በሰከንድ ቢሊዮንኛ 60 እጅ ቀድመው ደረሱ የሚል ዜና ወጣ። ዓለም ታመሰ፤ አንስታይን ተሳሳተ ተባለ። በሚቀጥለው የካቲት የታወቀው ግን የጊዜ ምልክት የሚያመጣ አንድ የኦፕቲክ ገመድ መጋጠሚያው ውስጥ በደንብ አለመጥበቁ ነው። ገመዱ የላላ በመሆኑ ምልክቱ በሰከንድ ቢሊዮንኛ 70 ገደማ ይዘገይ ነበር። በተቃራኒው የሚሠራ ሌላ የሰዓት ስህተትም ነበር። ገመዱ ጠብቆ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 ሲለካ ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን አልቀደሙም። ብዙ ሰው በእነዚያ ተመራማሪዎች ሳቀ። እኔ አልስቅም፤ ሊገባቸው ያልቻለውን ውጤት ለሌሎች አሳይተው ፈትሹልን ብለዋል፤ ስህተቱንም ራሳቸው አግኝተው ራሳቸው ተናግረዋል። ይልቅ ልብ የምለው የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። ሳይንቲስቱ አንስታይንን ከመጠርጠሩ በፊት ገመዱን በእጁ ነክቶ ማየት አለበት።

የሰርን ጥገና በየዓመቱ በአውሮፓ የብርድ ወራት የሚደረግ አጭር ዕረፍትና በየጥቂት ዓመቱ የሚደረግ ረጅም ዕረፍት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ እስከ 2022 የተደረገው ረጅሙ ዕረፍት ሦስት ዓመት ዘልቋል። በዚያ ጊዜ ገመድ ይቀየራል፣ የጋዝ መፍሰስ ይታደናል፣ የደከመ ኤሌክትሮኒክስ ይወጣል። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜም ሃያ አራት ሰዓት ተረኛ አለ፤ እያንዳንዱ ተረኛ ያየውን በመዝገብ ይጽፋል። ሁሉን አስቦ መዘጋጀት ግን አይቻልም፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ሽለምጥማጥ መሰል ትንሽ አውሬ የ66 ሺህ ቮልት ትራንስፎርመር ላይ ወጥታ ራሷንም ገደለች፣ የዓለምን ትልቁን ማሽንም ለቀናት አስቆመች።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ኢትዮጵያ እንደ ሰርን ያለ የቅንጣት ማፋጠኛ የላትም፤ ይህን ሥራ ግን አታውቀውም ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን ያቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ሥራ ጀመረ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ በዚያ ወገብ ላይ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት በቀን ስለሚፈስ፣ የአዲስ አበባ መዝገብ ዓለም የሚፈልገው ሆነ። የዚህ ዓይነት ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ለእኔ የካሊብሬሽን ንጹሕ ምሳሌ ነው። ሌሊትና ቀን ራሱ የሚመዘግበው መሣሪያ የመስኩን መለዋወጥ እንጂ ሙሉ መጠኑን አያውቅም፤ ዜሮውም ከሙቀትና ከዕድሜ ጋር ይንሸራተታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ወይም በተቀራራቢ ጊዜ አንድ ሰው ቁልፉን፣ ቢላውን፣ የቀበቶውን ብረት ከኪሱና ከወገቡ አውጥቶ ብረት በሌለበት ክፍል ይገባል፤ ማግኔት በማይስበው፣ ቴዎዶላይት በሚባል የማዕዘን መለኪያ የመስኩን አቅጣጫና ዝንባሌ በእጁ ይለካል። የእጁ ልኬትና የመዝጋቢው ልዩነት ተጽፎ ይቀመጣል። የአንድ ሳምንት ልዩነት ምንም አይናገርም። ዓመታት ሲደረደሩ ግን መሣሪያው ወዴት እየተንሸራተተ እንደሆነ ይታያል። የዚያ ሰው ስም በጋዜጣ አይወጣም፤ እሱ አንድ ወር ቢቀር ግን የዚያ ወር መዝገብ ዋጋው ይወድቃል።

ሌላው ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። በአገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት 60 ማሽን ሲሆን፣ ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። ኮባልት 60 በየወሩ 1 በመቶ ገደማ እየደከመ በ5 ዓመት ከ3 ወር ግማሽ ይሆናል። ዛሬ አምስት ደቂቃ ማሽኑ ሥር የሚተኛ ሕመምተኛ፣ ያኔ ያንኑ መጠን ለማግኘት አሥር ደቂቃ መተኛት አለበት። የሕክምና ጊዜውን ሰንጠረዥ የሚያድስ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ከሌለ ማሽኑ ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሕመምተኛው ግን የታዘዘለትን አያገኝም። ማንም አያይም። የባለሙያው መለኪያ ደግሞ በሌላ ቤተ ሙከራ ተመዝኖ መመለስ አለበት። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለሆስፒታሎች ትንንሽ ጨረር ለኪ ካፕሱሎች በፖስታ የሚልከው ለዚህ ነው፤ ሆስፒታሉ ሁለት ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሰጠሁ ካለ ካፕሱሉ ቪየና አጠገብ ተነብቦ እውነቱን ይናገራል።

መተማ ላይ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በክትባት ፍሪጅ ላይ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ውጭው 40 ሲያልፍና መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ እንዴት እንደሚታገል የጤና ባለሙያዎቹ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ጦርነት ሸሽቶ በመተማ ዮሐንስ በኩል ከሱዳን የገባው ሕዝብ ሥራውን አብዝቶታል። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ነው። አንዳንዱ ክትባት ግን፣ ለምሳሌ የመንጋጋ ቆልፍና የጉበት ቢ፣ ረግቶ በረዶ ከሆነ ይበላሻል። ስለዚህ ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርጎ የሚያነብ ቴርሞሜትር አንድ አደጋ ያመጣል፤ ሁለት ዲግሪ ከፍ አድርጎ የሚያነብ ሌላ። 9 እያለ ሠራተኛዋን የሚያስደነግጣት ቴርሞሜትር፣ ፍሪጁን ይበልጥ እንድታቀዘቅዝ ያደርጋታል፤ እውነቱ ግን 7 ነበር።

ለዚህ የሚሆን የታወቀ ድንጋይ በእጃችሁ አለ። ንጹሕ በረዶ ሰባብራችሁ ንጹሕ ውኃ ጨምሩበት፤ አማስሉትና ቴርሞሜትሩን ከታችም ከጎንም ሳይነካ በመካከሉ ያዙ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ 0 ማለት አለበት። አንድ ዲግሪ ቢስት ቴርሞሜትሩን አትጣሉት፤ ስህተቱን ጽፋችሁ ለጥፉበት። እስከ 100 ለሚያነብ ቴርሞሜትር የፈላ ውኃንም ለላይኛው ጫፍ መጠቀም ይቻላል፤ ግን 100 አትጠብቁ። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውኃ እዚህ የሚፈላው 98 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ያለችው ጎንደር ላይ 93 አካባቢ። በመጽሐፍ ያነበበውን 100 ይዞ ጤነኛ ቴርሞሜትር የሚጥል አለ።

የሚያስቆጨኝን ልናገር። በአገራችን መሣሪያ ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። የመለዋወጫውና የካሊብሬሽኑ ወጪ ግን ከግዢው ጋር አብሮ አይታሰብም። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ሥር ካርቶኑ ሳይወልቅ አቧራ የሚለብሰው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በቁሙ ያረጀ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ እየሠራ የሚዋሸው ነው፤ የተበላሸው ቢያንስ አይናገርም። አዲስ አበባ ያለው የአገሪቱ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት መሣሪያ ተቀብሎ ከብሔራዊው ልክ ጋር ያስተያያል። ከገንዳ ውኃ እስከዚያ ያለው መንገድ ሩቅ ነው። ግን ሁሉም መሣሪያ መሄድ የለበትም፤ አንድ ጥሩ ቴርሞሜትር ደርሶ ቢመለስ የቀሩት እዚሁ ከእሱ ጋር መስተያየት ይችላሉ። ሰርንም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ሁሉን ነገር ፓሪስ አጠገብ ወዳለው ዓለም አቀፍ የልክ ቢሮ አይልክም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የፊዚክስ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን በበረዶ ውኃው ፍተሻ ጀምሩላቸው፤ ከዚያ የትምህርት ቤቱን ሚዛን፣ ቀጥሎ የላቦራቶሪውን ቮልት መለኪያ እንዲፈትሹ አድርጉ። የጤና ባለሙያዎች፣ በፍሪጁ በር በተሰቀለው ወረቀት ላይ ጠዋትና ማታ ያነበባችሁትን ስትጽፉ ቴርሞሜትሩ መጨረሻ የተፈተሸበትን ቀንና የፈታሹን ስም ከላይ አስፍሩ። የዞኑና የወረዳው የበጀት ኃላፊዎች፣ በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያ ለመግዛት መስመር ስትይዙ ከሥሩ ለካሊብሬሽን አንድ፣ ለመለዋወጫ አንድ መስመር ጨምሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ከተሰረዙ የመጀመሪያውንም አትግዙት።